ዳገት ላይ የሚይዝ የደረት ሕመም

ከዲላ ከተማ ተነሥቶ በሞያሌ መንገድ ወደ ደቡብ የሚጓዝ ሰው ጥቂት ኪሎ ሜትር እንደ ሄደ ወናጎን ያገኛል። ግራና ቀኙ ቡና ነው፤ ከቡናው በላይ ጥላ የሚሰጡ ረዣዥም ዛፎች፣ በቡናው መካከል ደግሞ እንሰት ይታያል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2023 የጌዴኦን ባህላዊ መልክዐ ምድር በዓለም ቅርስነት የመዘገበው ስለዚሁ ነው። መንገደኛው ከመኪናው መስኮት ሆኖ ልምላሜውን ያደንቃል። በእግሩ የሚሄደው ነዋሪ ግን ሌላም ነገር ያውቃል፤ ይኸውም ዳገቱን ነው። እሸት ቡና ተሸክሞ ወደ መፈልፈያ ጣቢያ የሚወጣ ገበሬ፣ ውኃ የምትቀዳ እናት፣ ወደ ትምህርት ቤት የሚሮጥ ልጅ፣ ሁሉም በየቀኑ ከዳገቱ ጋር ይታገላሉ።

ዛሬ ለአንባቢዎቼ ለማቅረብ ያሰብሁት ስለ አንድ በሽታና ስለ አንድ ሙያ ነው። በሽታው አንጃይና ይባላል፤ ሙያው የነርስነት ሙያ ነው። ሁለቱን ያስተዋወቀኝ ይኸው ዳገት ነው። ያወቅሁትም ከመጽሐፍ አይደለም፤ ከራሴ ስሕተት ነው።

የእኔ ሕክምና

በማስተምርበት ትምህርት ቤት ዕድሜያቸው ስድሳ ዓመት ያለፈ አንድ የሌሊት ዘበኛ አሉ። ማታ ማታ ወደ ሥራ ሲመጡ ዳገቱን አጋምሰው ከአንዲት ዋንዛ ሥር ይቆማሉ። የሚያልፈውን ሁሉ በስሙ እየጠሩ ስለ ቤተ ሰቡ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ቡናው ይጠይቁታል። እኔም ይህን የጨዋነታቸው ምልክት አድርጌ እቈጥረው ነበር።

በኅዳር ወር አንድ ቀን ከድግስ ቤት ቆይተው ሲመጡ ከትምህርት ቤቱ በር ላይ አገኘኋቸው። ፊታቸው አመድ መስሏል፤ ብርድ ሳለ ግንባራቸው በላብ ርሷል። «ምን ሆኑ አባባ?» ብላቸው «ልቤን ያዘኝ» አሉኝ።

በአማርኛችን «ልብ» የሚለው ቃል ብዙ ሥራ አለበት። ደፋሩ ልበ ሙሉ ነው፤ ዝንጉው ልብ የለውም፤ ቃር የያዘውም ሰው እጁን ከእንብርቱ በላይ አድርጎ «ልቤን አቃጠለኝ» ይላል። እኔ የጨጓራ በሽተኛ ስለ ሆንሁ የሰው ሁሉ ሕመም ጨጓራ ይመስለኛል። ደግሞስ ከድግስ የመጣ ሰው ከጨጓራ ሌላ ምን ሊያመው ይችላል? ከኪሴ ለራሴ የያዝሁትን የጨጓራ እንክብል አውጥቼ ሰጠኋቸው። ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ዋጡት፤ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ሕመሙ ለቀቃቸው። መርቀውኝ ወደ ሥራቸው ገቡ።

ይህ ነገር በአንድ ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ሆነ። ሦስት ጊዜ እንክብል ሰጠሁ፤ ሦስት ጊዜም ዳኑ። ጎረቤቶች «ምች ነው፤ ዳማ ከሴ ይሻላል» ሲሉ፣ ሌሎችም ፌጦ ሲያዝዙ፣ እኔ በትምህርቴ እየተመካሁ ፈገግ እል ነበር። በክፍል ውስጥ ለተማሪዎቼ «አንድ ነገር ሌላውን ስለ ተከተለ ብቻ የፊተኛው የኋለኛው ምክንያት ነው አትበሉ» ብዬ የማስተምር የባዮሎጂ መምህር መሆኔን ግን አላስታወስሁም። ሽማግሌውን ያሻላቸው እንክብሉ አልነበረም፤ ድንጋዩ ላይ ማረፋቸው ነበር።

በአራተኛው ጊዜ ነገሩ ተለወጠ። ዳገት ሳይወጡ፣ ከዘበኛ ቤታቸው ውስጥ ተቀምጠው ሳለ ሕመሙ ያዛቸው። እንክብሌን ዋጡ፤ አምስት ደቂቃ አለፈ፣ አሥር ደቂቃም አለፈ፤ ሕመሙ አልለቀቀም። ደንግጬ ባጃጅ ጠራሁና ወደ ጤና ጣቢያ ይዣቸው ሄድሁ።

በሽታው ምንድር ነው?

ታሪኩን እዚህ ላይ ገታ አድርገን በሽታውን እንወቅ። ልብ ለመላው ሰውነት ደም የሚገፋ ጡንቻ ነው፤ በአንድ ቀን 100,000 ጊዜ ያህል ይመታል። ይሁን እንጂ ለራሱ የሚያስፈልገውን ምግብና ኦክሲጅን የሚያገኘው በጓዳዎቹ ውስጥ ከሚያልፈው ደም አይደለም። ከታላቁ የደም ቧንቧ መነሻ ላይ ተገንጥለው በላዩ እንደ ዘውድ የተጠመጠሙ የራሱ ቧንቧዎች አሉት። ኮሮናሪ የተባሉትም በላቲን ዘውድ ከሚለው ቃል ነው።

የቡና ማጠቢያ ቦይ ያየ ሰው ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል። ቦዩ ደለል ሲይዘው ጥቂት ቡና በሚታጠብበት ቀን ችግር አይታይም፤ የለቀማው ወራት ደርሶ ሥራው ሲበዛ ግን ውኃው አይበቃም። በኮሮናሪ ቧንቧዎች ግድግዳ ውስጥም ስብና ሌላም ነገር በብዙ ዓመት እየተከማቸ መተላለፊያውን ያጠብበዋል። ሰውየው ዐርፎ ሳለ ጥቂቱ ደም ይበቃዋል። ዳገት ሲወጣ፣ ሲቈጣ፣ ብርድ ሲመታው፣ ወይም ጠግቦ በልቶ ሲነሣ ግን ልቡ ብዙ ኦክሲጅን ይፈልጋል፤ ጠባቡ ቧንቧም ሊያደርስለት አይችልም። ያን ጊዜ የሚሰማው የደረት ጭንቅ አንጃይና ነው። ሲያርፉ ብዙውን ጊዜ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ይለቃል።

ሕመሙ በዕረፍት ጊዜ መምጣት፣ መደጋገም ወይም መጠንከር ከጀመረ ግን ትልቅ የአደጋ ምልክት ነው። ቧንቧው በረጋ ደም ፈጽሞ ሊዘጋ ይችላልና። ሲዘጋ ደም ያጣው የልብ ጡንቻ መሞት ይጀምራል፤ ይህም የልብ ድንገተኛ ሕመም፣ በብዙዎች አነጋገር «ሃርት አታክ» የሚባለው ነው።

በሽታው አዲስ አይደለም። እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ሄበርደን እ.ኤ.አ. በ1768 በለንደን ለሐኪሞች ማኅበር ባቀረበው ጽሑፍ፣ ሰዎችን በተለይ ከምግብ በኋላ ዳገት ሲወጡ ስለሚይዛቸውና ቆም ሲሉ ስለሚለቃቸው የደረት ሕመም ገልጾ ነበር። ስሙን አንጃይና ያለውም እርሱ ነው፤ የቃሉ ምንጭ መታነቅን ያመለክታል። ስመ ጥር የነበረው ቀዶ ጠጋኝ ጆን ሐንተር ደግሞ በዚሁ ሕመም ሲሠቃይ ኖሮ እ.ኤ.አ. በ1793 በአንድ ስብሰባ ላይ ተቈጥቶ ወዲያው ሞተ። ሄበርደን ያን ሲጽፍ የልብ መመርመሪያ መሣሪያ አልነበረውም። በሽታውን ያገኘው በሽተኞቹን ጠይቆ የሚሉትን በማዳመጥ ነው።

ነርሷ ምን ጠየቀች?

ወደ ወናጎ እንመለስ። በጤና ጣቢያው የተቀበለችን ነርስ ምናልባት የእኔ እኩያ ትሆናለች። ገና ሳትጠይቅ ተመለከተች፤ የፊታቸውን ቀለም፣ ላቡን፣ አተነፋፈሳቸውን አየች። ወዲያው ደገፍ ብለው በሚቀመጡበት አልጋ ላይ አደረገቻቸው፤ ፈጽሞ ጋደም ያለ ሰው ለመተንፈስ ይከብደዋልና። ጣታቸው ላይ ኦክሲጅን የሚለካውን ትንሽ መሣሪያ ሰካች፤ የደም ግፊታቸውንና የልብ ትርታቸውን ለካች። እጇ ይህን ሲሠራ አፏ መጠየቅ ጀመረ።

እኔ ቸኩዬ «ጨጓራ ነው፣ ሲስተር» አልኋት። እርስዋም በትሕትና «ቲቸር፣ እሳቸው ራሳቸው ይንገሩኝ» ብላ ወደ ሽማግሌው ዞረችና በጌዴኦ ቋንቋ አነጋገረቻቸው። ለእኔ በአማርኛ በሁለት ቃል የነገሩኝን ለእርስዋ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው በሰፊው ተረኩላት። በኋላ በአማርኛ እንደ ገለጸችልኝ ጥያቄዎቹ አምስት ነበሩ።

አንደኛ፤ ምን ሲያደርጉ ይጀምራል? ምንስ ሲያደርጉ ይለቃል? ሁለተኛ፤ ሕመሙ ምን ዓይነት ነው፣ ይወጋል፣ ያቃጥላል፣ ወይስ ይጫናል? ሽማግሌው መልስ ከመስጠት ይልቅ እጃቸውን ጨብጠው ደረታቸው መካከል ላይ አደረጉ። ጣት ቀስሮ አንድ ነጥብ ከሚያሳይ ሰው ይልቅ ጡጫውን ደረቱ ላይ የሚያደርገው የልብ ሕመምተኛ ሊሆን እንደሚችል ነርሶች ይማራሉ። «ድንጋይ እንደ ተጫነብኝ ነው» አሉ።

ሦስተኛ፤ የት ላይ ነው? ወዴትስ ይሄዳል? የአንጃይና ሕመም ወደ ግራ ክንድ፣ ወደ ትከሻ፣ ወደ አንገት፣ ወደ መንጋጋ ወይም ወደ ጀርባ ሊዘልቅ ይችላል። ሽማግሌው መንጋጋቸውን ዳሰሱና ጥርስ መስሏቸው ባለፈው ዓመት አንድ ጥርስ እንዳስነቀሉ ነገሯት። ጥርሱ ቢነቀልም ሕመሙ አልቀረም። አራተኛ፤ ከአሥር ስንት ይሆናል? ይህን በጣቶቻቸው ቈጥረው አሳዩዋት፤ ሰባት ጣት ነበር። አምስተኛ፤ መቼ ጀመረ? በመጣ ቍጥርስ ምን ያህል ይቆያል?

በመጨረሻ እኔን ያሳፈረኝን ጥያቄ ጠየቀች። «አባቴ፣ ወደ ሥራ ሲወጡ በመንገድ ላይ የት ላይ ይቆማሉ?»

ሽማግሌው ጥቂት ዝም አሉና «ከዋንዛው ሥር» ብለው መለሱ። ሰው እንዳያውቅባቸው፣ አርጅተዋል ተብለው ከሥራቸው እንዳይወጡ፣ ሕመሙ እስኪለቃቸው ድረስ የሚያልፈውን ሰው ሰላም ይሉ ነበር። እኔ በየማታው ሰላምታቸውን ተቀብዬ አልፌአለሁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መጨመር ያስፈልጋል። አንጃይና ሁሉንም ሰው በአንድ ዓይነት አይናገረውም። ብዙ ሴቶች፣ አረጋውያንና የስኳር ሕመምተኞች ግልጽ የደረት ሕመም ሳይሰማቸው ትንፋሽ ማጠር፣ ያልተለመደ ድካም፣ ማቅለሽለሽ ወይም ላብ ብቻ ሊታይባቸው ይችላል። ስለዚህ ጠንቃቃ ነርስ «ደረትዎን ያምዎታል?» ብላ ጠይቃ «አያመኝም» የሚል መልስ ስታገኝ ነገሩን አትዘጋውም።

በአልጋው አጠገብ

ነርሷ የጤና መኮንኑን ጠራች። በትእዛዙም፣ አስፕሪን ይጎዳቸው እንደ ሆነና የጨጓራ መድማት ኖሯቸው ያውቅ እንደ ሆነ ከጠየቀች በኋላ አስፕሪን እንዲያኝኩ ሰጠቻቸው። የተኘከ አስፕሪን ቶሎ ወደ ደም ይገባል፤ የደም መርጋትንም ያግዳል። በክንዳቸው ላይ የመርፌ መስመር ከፈተች። ኦክሲጅናቸው ደኅና ስለ ነበረ ጭምብሉን አላደረገችባቸውም። ኦክሲጅን የሚሰጠው መጠኑ ዝቅ ሲል፣ ብዙ ጊዜም ከመቶ 90 በታች ሲሆን እንደ ሆነ አስረዳችኝ። ወዲያው አምቡላንስ ተጠራና ዲላ ወደሚገኘው ሆስፒታል ተወሰዱ፤ እርስዋም አብራ ሄደች።

በደረት ሕመም የመጣ ሰው በተቻለ መጠን በ10 ደቂቃ ውስጥ ኢ.ሲ.ጂ. በሚባለው የልብ መመርመሪያ መሣሪያ መታየት አለበት። ነገር ግን ሕመሙ በሌለበት ጊዜ የተነሣ ኢ.ሲ.ጂ. ጤነኛ ሊመስል ይችላል። ስለዚህ ምርመራው ይደገማል፤ ትሮፖኒን የተባለውም ንጥረ ነገር በደም ውስጥ ይፈለጋል። የልብ ጡንቻ ሲጎዳ ይህ ንጥረ ነገር ወደ ደም ይወጣልና።

ለአንጃይና ከታወቁት መድኃኒቶች አንዱ ከምላስ ሥር የሚደረገው ናይትሮግሊሰሪን ነው። ይህ ስም ደማሚት ከሚሠራበት ነገር ስም ጋር አንድ መሆኑ አያስደንቅም፤ ያው ራሱ ነውና። እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም መረል እ.ኤ.አ. በ1879 ለአንጃይና እንደሚጠቅም ጽፎ አስታወቀ። ደማሚትን የፈለሰፈው አልፍሬድ ኖቤልም ልቡን ታሞ ሐኪሞች ይህንኑ ባዘዙለት ጊዜ የዕጣ ፈንታው ነገር አስገርሞት እንደ ነበር እ.ኤ.አ. በ1896 ለወዳጁ ጽፏል። መድኃኒቱ የደም ሥሮችን ያሰፋል፤ ወደ ልብ የሚመለሰውን ደም በመቀነስም ሸክሙን ያቀልለታል።

ይሁን እንጂ የነርስ ዐይን ካልተለየው በቀር ይህ መድኃኒት ራሱ ሊጎዳ ይችላል። ሳይሰጥ በፊት የደም ግፊት ይለካል፤ የላይኛው ቍጥር ከ90 በታች ከሆነ አይሰጥም። በሽተኛው ተቀምጦ ይወስደዋል፤ ቆሞ የወሰደ ሰው አዙሮት ሊወድቅ ይችላል። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሕመሙ እንደ ገና ይጠየቃል፤ ግፊቱ እንደ ገና ይለካል። ለወንድነት ኃይል የሚወሰዱ እንክብሎችን በዚያው ሰሞን የወሰደ ሰው ናይትሮግሊሰሪን ቢጨምርበት ግፊቱ ወርዶ ሕይወቱ ሊያልፍ ይችላል። ነርሷም ይህን ጥያቄ ዘመድ አዝማድ ከክፍሉ ወጥቶ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ትጠይቃለች። ሰው እያለ እውነቱን የሚናገር ጥቂት ነውና።

ከዚህም ሁሉ ጋር ፍርሃት አለ። የፈራ ሰው ልቡ ይሮጣል፤ የሚሮጥ ልብ ብዙ ኦክሲጅን ይፈልጋል፤ ሕመሙም ይብሳል። ስለዚህ አጠገቡ መቀመጥ፣ የሚደረግለትን ነገር ሁሉ አስቀድሞ መንገር፣ የሚጮኸውን ዘመድ በደግነት ማስወጣት የሕክምናው ክፍል እንጂ ትርፍ ነገር አይደለም። በአገራችን የነርስነትን ሙያ ካስከበሩት አንዷ ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ ናቸው። በስደት ዘመን ለንደን ውስጥ ነርስነት ተምረው እ.ኤ.አ. በ1939 ተመረቁ፤ በ1942 ገና በወጣትነታቸው ነቀምት ላይ ዐረፉ። የንጉሥ ልጅ ከበሽተኛ አልጋ አጠገብ መቆምን ክብር አድርገው ማየታቸው ዛሬም የሚያስታውሱት ነገር ነው።

ቤት ከተመለሱ በኋላ

ሽማግሌው በዲላ ተኝተው ታከሙ። ሕመማቸው አንጃይና መሆኑ ተረጋገጠ። የጠበበውን ቧንቧ በቀጭን መሣሪያ የማስፋት ሕክምና በአገራችን የሚገኘው በጥቂት ትልልቅ ሆስፒታሎች ነው። ሐኪሞቹ ለጊዜው በመድኃኒት መርጠውላቸው ከቀጠሮ ጋር ሸኟቸው።

በሚወጡበት ቀን ሌላ ነርስ ለግማሽ ሰዓት ያህል ስታስተምራቸው ተቀምጬ ሰማሁ። «ሕመሙ ሲጀምርዎ ወዲያው ቆመው ይቀመጡ። አንዷን እንክብል ከምላስዎ ሥር ያድርጉ። በ5 ደቂቃ ውስጥ ካልተሻለዎ ሰው ይጥሩና ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ፤ ነገ ይሻለኛል ብለው አይቆዩ። እንክብሉን ከራሱ ጠርሙስ አያውጡት፤ ብርሃንና ሙቀት ያበላሸዋል። ራስዎን ቢያምዎ አይደንግጡ፤ የመድኃኒቱ ጠባይ ነው። የልብዎን ትርታ ዝግ የሚያደርገውን መድኃኒት ተሻለኝ ብለው በድንገት አያቋርጡ። ዳገቱን በዝግታ ይውጡ፤ ጠግበው በልተው ወዲያው አይነሡ።»

ሽማግሌው ስለ ቡና ጠየቁ። በጌዴኦ ምድር ይህን የማይጠይቅ ሰው የለም! ነርሷም በልኩ የተጠጣ ቡና ብዙውን ጊዜ እንደማይከለከል፣ ነገር ግን ጨው ጨምረው የሚጠጡ ከሆነ ጨውን እንዲተዉ ነገረቻቸው።

ከዚያ በኋላ ያደረገችውን አልረሳም። እኛ መምህራን ትምህርቱን ስንጨርስ «ገባችሁ?» እንላለን፤ ተማሪዎቹም «አዎ» ይላሉ። እርስዋ ግን «አባቴ፣ አሁን እርስዎ ያስተምሩኝ፤ ማታ ዳገቱ ላይ ቢይዝዎ ምን ያደርጋሉ?» አለቻቸው። በመጀመሪያው ጊዜ ተሳሳቱ፤ እንክብሉን ዋጠዋለሁ አሉ። እንደ ገና አስረዳቻቸው፤ በሁለተኛው ጊዜ በትክክል መለሱ። ዲላ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1996 ሲጀመር የመምህራን ትምህርትና የጤና ሳይንስ ኮሌጅ እንደ ነበር ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። ሁለቱን ሙያዎች በአንድ ጣራ ሥር ያደረጋቸው ሰው አልተሳሳተም።

ለአንባቢዎቼ

ይህን ጽሑፍ የምታነቡ ተማሪዎችና በየመሥሪያ ቤቱ ሥራ የጀመራችሁ ወጣቶች፣ «ይህ የሽማግሌዎች በሽታ ነው» ትሉ ይሆናል። ቧንቧው የሚጠብበው ግን በስድሳ ዓመት ዕድሜ በአንድ ሌሊት አይደለም፤ በእኛ ዕድሜ ይጀምራል። ሲጋራ ቧንቧውን ይጎዳል። ጫት የልብን ትርታና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል። ቀኑን ሙሉ ከወንበር አለመነሣትም ድርሻ አለው። የደም ግፊትና የስኳር በሽታ ሳያሳምሙ ብዙ ዓመት ስለሚሠሩ፣ ማስለካት እንጂ ሕመም እስኪሰማ መጠበቅ አይገባም።

ከሁሉ በላይ ግን አንድ ነገር አደራ እላለሁ። ለበዓል ወደ አገራችሁ ስትሄዱ ከአባታችሁ ወይም ከእናታችሁ ጋር ዳገት ውጡ። የት ላይ እንደሚቆሙ ተመልከቱ። ወላጆቻችን «አሞኛል» ማለትን ይፈራሉ፤ ወጪ ይሆንባችኋል ብለው ያስባሉ። ስለዚህ «ደኅና ነዎት?» ብላችሁ «እግዚአብሔር ይመስገን» የሚል መልስ ተቀብላችሁ አትለፉ። «ዳገቱ ላይ ምን ይሰማዎታል? ሲቆሙስ ይለቅዎታል?» ብላችሁ ጠይቁ። ከዚያ በኋላ እንደ እኔ ከኪሳችሁ እንክብል ማውጣት ሳይሆን፣ መጠየቅ ወደሚያውቅ ሰው ይዛችኋቸው ሂዱ።

የእኛ ዘበኛ ዛሬም በሥራቸው ላይ ናቸው፤ ትምህርት ቤቱ ግን የቀን ሥራ ሰጥቷቸዋል። ጠዋት ጠዋት ከዋንዛዋ ሥር ይቆማሉ። ልዩነቱ አሁን የተማሪ ልጆች ያስቀመጡላቸው ጠፍጣፋ ድንጋይ መኖሩ ነው፤ ተቀምጠው ያርፋሉ። እኔም ስደርስ ሰላም ብዬ አላልፍም፤ አጠገባቸው እቀመጥና «ዛሬ እንዴት ነው?» እላቸዋለሁ። እሳቸውም የኪሳቸውን ትንሽ ጠርሙስ ነካ አድርገው ይነግሩኛል።